ከ10 ሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ነን

ደሴ ውስጥ ለጥ ያለ መሬት ውድ ነው። ከተማዋን ያየ ሰው ይህ ይገባዋል። በምዕራብ በኩል የጦሳ ተራራ ቆሟል፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል አለ። ከተማዋ በሁለቱ መሀል ተጣብቃ ወደ ርዝመቷ ነው ያደገችው። ከዋናው አስፋልት ወጣ ሲሉ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ቤት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ተዳፋቱን ቆርጦ ያስተካክላል፣ ቀጥሎ ድንጋይ ይክባል፣ መሠረት ማውጣት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ኳስ ሲያስቀምጡት ሳይንከባለል ባለበት የሚቆምበት ቦታ ከተገኘ፣ ፈላጊው ብዙ ነው።

እኛ ሰፈር፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ፣ እንዲህ ያለ አንድ ቁራሽ መሬት አለ። ስም የለውም። ሁሉም «ሜዳው» ነው የሚለው። ደሴ ላይ የማውቃቸውን ሰዎች አብዛኞቹን የተዋወቅኋቸው እዚያ ነው። ዛሬ ስለዚህ ሜዳና እዚያ ስላገኘኋቸው ወላጆች ልጽፍ።

የመጣነው ባለፈው መስከረም ከአዳማ ነው። ባለቤቴ አዋላጅ ነርስ ናት፤ የሥራ ዝውውር አግኝታ ነው። እኔ የሒሳብ ሥራ ነው የምሠራው። ለትንንሽ ነጋዴዎች መዝገብ እይዛለሁ፣ የግብር ሰነዳቸውን አዘጋጃለሁ። ላፕቶፕና ኢንተርኔት ካለ የትም ቁጭ ብዬ መሥራት እችላለሁ። ስለዚህ ተነጋግረን ወሰንን፦ እሷ ተረኛ ስትሆን ልጆቹ ከእኔ ጋር ናቸው። ልጆቹ ሲተኙ እሠራለሁ፣ ትልቋን ከኬጂ አወጣለሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት የልጆቹ ነው።

ትልቋ አምስት ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ ሚጡ ነው የምንላት፣ እዚህም ሚጡ ትባል። ትንሹ ማሙሽ ስንመጣ ዓመት ከምናምኑ ነበር፤ ገና ድክ ድክ ይላል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለሚጡ ከባድ ነበሩ። አዳማ የተከራየንበት ግቢ ልጅ የሞላበት ነበር። በሩን ከፍታ ከወጣች ጨዋታ አለ። እዚህ ደግሞ ግቢው ውስጥ ያለነው እኛና አከራያችን ብቻ ነን። እሳቸውም ትልቅ ሰው ናቸው፣ ልጆቻቸው አድገው ወጥተዋል። ብርዱም አለ። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት፤ ደሴ 2,500 አካባቢ ትደርሳለች። በቀጭን ቲሸርት የለመደች ልጅ ሹራብ ደርባ መዋል ነበረባት። አንድ ቀን መስኮት ላይ ተደግፋ «አባዬ፣ እዚህ አገር ልጆች የሉም?» አለችኝ።

ልጆች ነበሩ። ድምፃቸው ከበላያችን ካለው ሰፈር ይሰማ ነበር። ማሙሽን አዝዬ፣ እሷን በእጄ ይዤ ድምፁን ተከትለን ዳገቱን ወጣን።

ሜዳው ያለው ከዕድሩ ቤት ጎን ነው። የዕድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮችና ትልልቅ ድስቶች የሚቀመጡበት የቆርቆሮ ቤት ነው። በአንድ በኩል ወገብ ድረስ የሚደርስ የድንጋይ ካብ አለ፤ ወላጆች የሚቀመጡት እዚያ ላይ ነው። በሌላው ጫፍ አንድ አሮጌ ወይራ አለ። ከወይራው ቅርንጫፍ ላይ በገመድ የታሰረ የመኪና ጎማ ተንጠልጥሏል፤ ዥዋዥዌው እሱ ነው። ሸርተቴው ራሱ መሬቱ ነው። ከሜዳው ጠርዝ ወደታች ሣር የለበሰ ቁልቁለት አለ፣ ልጆቹ በካርቶን ወይም በተቆረጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጠው ይንሸራተቱበታል። ሱሪ አይበረክትም። የሚጡ ሱሪዎች ሁሉ አሁን ከኋላቸው ተጥፈዋል።

የቀረው የልጆቹ ፈጠራ ነው። ሴቶቹ ሱዚ ይዘላሉ። ወንዶቹ ከካቡ ሥር ብይ ይጫወታሉ። መሬት ላይ ሰኞ ማክሰኞ ይሠመራል። ሲመሻሽ አኩኩሉ ይጀመራል፤ ዓይኑን የጨፈነው «አኩኩሉ!» ሲል የተደበቁት «አልነጋም!» እያሉ ይጮኻሉ። ሚጡ ሰኞ ማክሰኞን አዳማ ላይ ስትጫወት ነው ያደገችው። እዚህም ሕጉ ያው ነው። ማንንም ሳታናግር ጠጠሯን ይዛ ተራ ገባች። ልጆች እንዲህ በቀላሉ ይግባባሉ። ወላጆች ጋ ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ካቡ ላይ የተቀመጡት እናቶች ነበሩ። አንድ ሽማግሌም አሉ፣ ጫፉ ላይ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው። ከሰዓት በኋላ ልጅ ይዞ ሜዳ ላይ የሚውል ወንድ በሰፈሩ አልተለመደም። አባቶች ያልፋሉ፣ ሰላም ይላሉ፣ ልጃቸውን ጠርተው ይሄዳሉ። እኔ ለሽማግሌው ሰላምታ ሰጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ያሳድግልህ» አሉኝ ማሙሽን እያዩ። «አሜን» አልኩ። የዚያን ቀን ንግግር ይኸው ነበር።

በሚቀጥለው ቀን በዚያው ሰዓት ሄድን። ከዚያም በሚቀጥለው። በኋላ ሳስበው ትልቁ ነገር ይህ ነው፣ በአንድ ሰዓት መገኘት። ደሴ ውስጥ ሌላ የልጆች መጫወቻ የለም ማለቴ አይደለም። ጃምፒንግና የፕላስቲክ ሸርተቴ ያላቸው ካፌዎች አሉ፤ ለልደትና ለበዓል ወስጃቸዋለሁ፣ ልጆቹም ይወዱታል። ግን እዚያ ወላጅ ከወላጅ አይተዋወቅም። ከፍለህ ትገባለህ፣ ማኪያቶ ታዛለህ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ልጅህን ይዘህ ትወጣለህ። አጠገብህ የተቀመጠችውን እናት ነገ አታገኛትም። ሜዳው ላይ ግን ዛሬ ሰላም ያልካት ሴት ነገም እዚያው ድንጋይ ላይ አለች። ሦስተኛው ቀን ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ ለሁለታችሁም ይከብዳል።

መጀመሪያ የጠራችኝ የመንታዎቹ እናት ናት። ቤቷ ከሜዳው ጋር ይዋሰናል። ከሰዓት በኋላ ፈርኔሎና ጀበናዋን ካቡ ሥር አውጥታ ቡና ታፈላለች። የጠራችኝ በቀጥታ አይደለም። ሚጡን ወደ እሷ ጠርታ እንዲህ አለቻት፦

«ሚጡዬ፣ አባትሽ ቡና ይጠጣሉ? እስቲ ጠይቂልኝ።»

እኔ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ነኝ። ሁሉንም እሰማለሁ። ሚጡ ሮጣ መጥታ «አባዬ ቡና ትጠጣለህ ወይ ትላለች» አለችኝ። «እጠጣለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ በያት» አልኳት። ተመልሳ ነገረቻት። «ስኳር ያደርጋሉ?» ደግሞ መጣች። እንዲህ ስትመላለስ ቆየች። ይህ አካሄድ ደስ ይለኛል። ባል ያላት ሴት የማታውቀውን ወንድ ሰው መሀል በቀጥታ ቡና ና ጠጣ ብትል ለሷም ለኔም ይከብዳል። በልጅ በኩል ሲሆን ግን ማንም አይሳቀቅም፣ ልጅቷም ተልእኮ አግኝታ ትኮራለች። ስኒው ሲመጣ ጤና አዳም ገብቶበታል። በረካ ላይ ስንደርስ ከየት እንደመጣን፣ ባለቤቴ ምን እንደምትሠራ፣ የማን ቤት እንደተከራየን ታውቆ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ «የሚጡ አባት» ነኝ።

ሽማግሌውን ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። የልጅ ልጃቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። በሥራ ዘመናቸው የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፣ በአሰብ መስመር። ዛሬ ለብዙዎቻችን ወደብ ማለት ጂቡቲ ነው። ከ1990ው ጦርነት በፊት ግን ከአሰብ የሚነሳው ጭነት በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይወጣ ነበር። ጋሼ ይህን መንገድ በመዳፋቸው ላይ እያሳዩ ይተርኩታል። የአፋሩን በረሃ ሙቀት፣ ባቲ ላይ የሰኞውን ገበያ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ሲወጡ የሚገጥማቸውን ጉም። «25 ኪሎ ሜትር ናት፤ ግን ታች ሸሚዝህን ገልበህ ተነስተህ እዚህ ጋቢ ፈልገህ ነው የምትደርስ» ይላሉ።

ልጆቹ ጋሼን የሚወዷቸው በሽቦ መኪናቸው ነው። ሽቦ አጣጥፈው ጋቢና ይሠራሉ፣ ለጎማ ቆርኪ ያስገባሉ፣ ረጅም ሽቦ ወደ ላይ አውጥተው ጫፉ ላይ መሪ ያደርጉለታል። ልጁ ቆሞ እየነዳው ይሮጣል። እሳቸው የሚሠሩት ተሳቢ ያለውን ነው። ማርሽ መቀየሪያ ሁሉ ያደርጉለታል። ማሙሽ በደንብ መናገር ሳይጀምር «ፊያት» ማለት ችሏል። ከጋሼ ነው የተማረው።

አዲስ ከተማ ልጅ ይዞ የገባ ሰው የሚያስፈልገው መረጃ ብዙ ነው፤ አብዛኛውም የትም ተጽፎ አይገኝም። እኔ የኔን ድርሻ ካቡ ላይ ነው ያገኘሁት። ውሃ በሰፈሩ በየትኛው ቀን እንደሚመጣና በርሜሉ መቼ መሞላት እንዳለበት የነገረችኝ የመንታዎቹ እናት ናት። የልጆች ሹራብና ካልሲ ለመግዛት ሰኞ ገበያ ጠዋት መሄድ እንደሚሻል የነገረችኝ ሌላዋ እናት ናት፣ ልብስ ሰፊ ናት፣ ጨርቁን ታውቀዋለች። «የማሙሽን የክትባት ካርድ ይዛችሁ መጥታችኋል?» ብላ የጠየቀችኝም አለች። ለኩፍኝ የሚሰጠው ሁለተኛው ክትባት 15 ወር ላይ ነው፤ ቤት በሚቀየርበት ግርግር በቀላሉ ይዘለላል። ባለቤቴ ቀኑን ይዛው ነበር። ግን ልጄን ገና በወጉ የማታውቅ ሴት ስለ ክትባቱ መጨነቋ ልቤን ነካው።

አንድ ነገር ላይ ግን ልዘገይ። አዲስ የገባ ወላጅ ሁሉ የሚገጥመው ይመስለኛል፣ ሲጻፍበትም አላይም። ሌላ ሰው ልጅህን ሲቆጣ ምን ታደርጋለህ?

ሚጡ ከጎማው አልወርድም አለች። ተራ የሚጠብቁ ልጆች ተሰልፈዋል። እኔ ማሙሽን እያጎረስኩ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ተነስታ ሄደች፣ ጎማውን ያዘችና ፊቷን ኮስተር አድርጋ «ውረጂ! እነዚህ ሰው አይደሉም?» አለቻት። ሚጡ አለቀሰች። እኔ ደነገጥኩ። አዳማ ግቢያችን ውስጥ ልጅ ሲያጠፋ ለእናቱ ይነገራል እንጂ ሌላ ሰው አይቆጣም ነበር። ሚጡ ወደኔ ስትሮጥ ሴትዮዋ እንደ ምንም ነገር ወደ ቦታዋ ተመልሳ ወሬዋን ቀጠለች። ቆይታ ሚጡን ጠርታ ቆሎ ሰጠቻት። ሚጡም ተቀብላ አጠገቧ ተቀመጠች።

አሁን ልማዱን አውቄዋለሁ። ሜዳው ላይ ልጅ የጋራ ነው። እኔም የሌላውን ልጅ ድንጋይ ሲወረውር እቆጣለሁ፤ እናቱም «ደግ አደረግክ» ትላለች። ይህን ወድጄዋለሁ፣ በሙሉ ልቤ። ሚጡ እናቷና እኔ ሳንኖር የሚቆጣት ሰው መኖሩ ያሳርፈኛል። ግን ዱላና ቁንጥጫ ላይ የቆረጥኩት አለ። ልጆቼን አልመታም፤ ሌላ ሰውም እንዲመታቸው አልፈልግም። ይህን አንድ ቀን ቡና ላይ ሁሉም ባሉበት በግልጽ ተናገርኩ። ዝምታ ሆነ። ጋሼ «እኛ ተመተን ነው ያደግን» አሉ። አልተከራከርኳቸውም። «ልክ ነው ጋሼ፣ እኔም ተመትቻለሁ። ለነዚህ ግን አልፈልገውም» አልኩ። የመንታዎቹ እናት ስኒ እያለቀለቀች ቀና ሳትል «እሺ፣ የሚጡ አባት፣ አንነካትም። አንተም የኔዎቹን አትምታልኝ፤ ብቻ ተቆጣልኝ፣ ጠግበዋል» አለች። በዚሁ ተግባባን። ከዚያ ወዲህ ሚጡን የነካት የለም። ሌሎቹ ልጆች ላይም ኩርኩም እየቀነሰ መምጣቱን አያለሁ። ይህ የኔ ምኞት ብቻ እንዳይሆን ብዬ ልብ ብዬ አይቻለሁ፤ በእርግጥ ቀንሷል።

ስለ መክሰስም ልንገራችሁ። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ግቢ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እንደሚኖር የታወቀ ነው። የመንታዎቹ እናት ሙስሊም ናት፣ እናቷ ክርስቲያን ናቸው። ሁለቱም በዓል በቤቷ ይከበራል። ሜዳው ላይ ይህ ነገር በተግባር የሚታየው በልጆቹ መክሰስ ነው። ለጋራ የሚቀርበው ሁሉም ልጅ የሚበላው ነገር ብቻ ነው፦ ቆሎ፣ አምባሻ፣ የተቀቀለ ድንች። ስንመጣ በለስ ነበር፣ ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ ጥንቅሽ። ሥጋ ያለበት ነገር እዚያ አይወጣም። ማንም ደንብ አላወጣም፤ ማንም ልጅ «ይሄን አትብላ» ተብሎ ሰው ፊት እንዳይከለከል የታሰበበት ነው። ሚጡ ጥንቅሽ በጥርስ መላጥ የተማረችው ከመንታዎቹ ነው። እኔ ደሴ ከመምጣቴ በፊት ጥንቅሽ ልጬ አላውቅም ነበር።

ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም አንድ ላይ ገጠሙ። ጀበናው ከሜዳው ጠፋ። እናቶቹ ራሳቸው ሳይበሉ ሳይጠጡ ለልጆቹ ቆሎ ይዘው ይወጡ ነበር። ማፍጠሪያው ሲቃረብ ሙስሊሞቹ ቀደም ብለው ይገባሉ፣ ልጆቻቸው ግን መጫወቱን ይቀጥላሉ፣ እኛ እንጠብቅላቸዋለን። በዒድ ቀን ሚጡና ማሙሽ ከአራት ቤት ተጠርተው ዋሉ። በፋሲካ ደግሞ የኛ ቤት በልጅ ተሞላ፤ ድፎው ለምሳ አልደረሰም።

ልጅ መጠበቅ ስል አንድ ነገር ልጨምር። ሁልጊዜ ከሜዳው ስንነሳ ልጆቹ ይቆጠራሉ። በሩቅ ያለው ይጠራል፣ የማን ልጅ ከማን ጋር ወረደ ተብሎ ይጠየቃል። አንድም ሰው ሳይጣራ አይኬድም። መጀመሪያ ላይ ጥንቃቄያቸው የበዛ መሰለኝ። ቀስ ብዬ ነው ምክንያቱን የሰማሁት። ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ብዙ የሰፈሩ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ወጥተው ነበር፤ አንዳንዱ እስከ ደብረ ብርሃን፣ አንዳንዱ እስከ አዲስ አበባ። የመንታዎቹ እናት «አንዱን እኔ አዘልኩ፣ አንዱን አባታቸው። መንገድ ላይ የሰው ብዛት፣ ልጅህን እጁን ከለቀቅከው አለቀ» አለችኝ። የተመለሱት ኅዳር መጨረሻ ላይ የመንግሥት ጦር ከተማዋን መልሶ ከያዘ በኋላ ነው። አንደኛው መንታ አሁንም ነጎድጓድ ሲሰማ ወደ ሰው ይሮጣል። ወደ እናቱ ብቻ አይደለም፣ ቅርብ ወዳለው ሰው። አንዴ ወደኔ መጣ። አቅፌው ቆየሁ። እናቱ ከካቡ ላይ ሆና አየችንና «አብሽር በለው» አለችኝ። «አብሽር» አልኩት።

ይህን ስሰማ የልጆቹን ቆጠራ እኔም ጀመርኩ። አሁን የኔ ሥራ ነው። ጸሐይ ከጦሳ ጀርባ ስትገባ ጥላው ቶሎ ይመጣል፤ ሜዳው ላይ ሲደርስ ብርዱ ይታወቃል። እሱ ነው ሰዓታችን። እኔ ተነስቼ እቆጥራለሁ፣ እናቶቹ ሹራብ ያለብሳሉ።

ወደ አባቶች ልመለስ። በሰፈሩ ያሉ አባቶች ልጆቻቸውን አይወዱም የሚል ካለ ተሳስቷል። ማታ ሲገቡ የሚያመጡትን ብስኩትና ሙዝ አያለሁ። ግን ከልጅ ጋር መቀመጥ የእናት ሥራ ነው ተብሎ አድገዋል፣ ሥራም አለባቸው። የባጃጅ ሹፌር የሆነ አንድ አባት አለ። ከሁለት ወር ወዲህ 11 ሰዓት ሲል ባጃጁን ከካቡ አጠገብ ያቆምና ለትንሽ ጊዜ ይቀመጣል። መጀመሪያ ሲመጣ ከባጃጁ አልወረደም፤ ውስጡ ሆኖ ነበር የሚያይ። ጋሼ ጠሩት። አሁን ለልጁ ብይ ያስተምረዋል፣ ሁለቱም መሬት ላይ ተንበርክከው። ሰው ዞሮ ያየዋል ወይ? አንዳንዱ ያየዋል። እሱ ግን መምጣቱን አልተወም። እኔ ሌሎቹም እንዲመጡ እፈልጋለሁ። ለእናቶቹ እገዛ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ለራሳቸው ነው። ልጅህ ከማን ጋር እንደሚጫወት፣ ሲሸነፍ ምን እንደሚሆን፣ ጓደኛው ሲወድቅ ሮጦ እንደሚያነሳ በዓይንህ ማየት የሚቻለው እዚያ ተቀምጠህ ነው።

ሚያዝያ ላይ አንዲት ወጣት እናት መጣች። ከዕድሩ ቤት ጥግ ራቅ ብላ ቆመች፣ ሕፃን አዝላለች፣ አንድ ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነጠላዋን ይዞ ተደብቋል። እንግዳ እንደሆነች ገባኝ። ለባለቤቴ ማታ ነገርኳት፤ ተረኛ ባልሆነችበት ቀን አብራን ወጣች። ግን ባለቤቴ ሳታናግራት የመንታዎቹ እናት ቀድማ ሚጡን ጠራቻት። «ሂጂና ያንን ማሙሽ ጥሪው። እናቱ ቡና ትጠጣ እንደሆነ ጠይቂልኝ» አለቻት። ሚጡ ሮጠች። ሴትየዋ ከወልድያ ነው የመጣችው። ልጇ አሁን ከማሙሽ ጋር የሽቦ መኪና ይጋፋል።

የሚያሳስበኝ የሜዳው ነገር ነው። መሬት ውድ በሆነበት ከተማ ባዶ የሚመስል ቦታ ሁሉም ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። የካቲት ላይ በሰፈሩ ቤት የሚያድስ ሰው አንድ ገልባጭ መኪና አሸዋና ጠጠር አምጥቶ መሀሉ ላይ ደፋበት። ልጆቹ አሸዋው ላይ ለመጫወት ደስ ቢላቸውም ሚስማርና የተሰበረ ጠርሙስ ነበረበት። የዕድሩ ዳኛ ከጋሼ ጋር ሄደው በሰላም አነጋገሩት። ሰውየውም ክፉ አልነበረም። በሳምንቱ አስነሳው፣ ለካቡም ሁለት ጋሪ ድንጋይ ሰጠን። ሁሉም ግን እንዲህ አይሆንም። ሜዳው ላይ ሰው ሲታይበት ነው የሚከበረው። ከ10 ሰዓት በኋላ ልጅ ሲጮህበትና ቡና ሲፈላበት የሚያይ ሰው ባዶ መሬት ነው ለማለት አይደፍርም። አዲስ ሰፈር የሚሸነሽን፣ ኮንዶሚኒየም የሚያቅድ ባለሙያ ይህን ካነበበ አንድ ልመና አለኝ፦ ለልጆች ለጥ ያለች ቦታ ተዉልን። ሸርተቴና ዥዋዥዌውን እኛ እንፈልግለታለን። አጠገቧ ሰው የሚቀመጥበት ካብ ብቻ ይኑራት።

አሁን ግንቦት ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የምንጨርሰው ሥራ አለ። የወይራው ገመድ በበልጉ ዝናብ ላልቷል፣ አንዱ ጎኑ ሊበጠስ ደርሷል፤ ጎማውን ለጊዜው አውርደነዋል፣ ልጆቹም በየቀኑ ይጠይቁናል። ካቡም በታችኛው በኩል አንድ ቦታ ተንዷል። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ልንጠግነው ተነጋግረናል። ባለ ባጃጁ ድንጋይ ያመላልሳል። ልብስ ሰፊዋ ለጎማው መቀመጫ የሚሆን ወፍራም ሸራ ሰፍታለች። ጋሼ ገመዱን ራሳቸው ካላሰሩት አያምኑም፤ ጭነት ሲያስሩ የኖሩ ሰው ናቸው፣ እንተውላቸዋለን። የሚጎድለን ገመዱ ነው። የጭነት መኪና ሸራ የሚታሰርበት ዓይነት፣ ወደ ስምንት ሜትር ይበቃል። በሰፈሩ ያላችሁና ይህን የምታነቡ አባቶች፣ ገመድ ያለው ይዞ ይምጣ። የሌለው ልጁን ይዞ ይምጣ። ቡናው አለ።